የአገር ኑሮ በምን ይለካል? የብሔራዊ ምርት ስሌትና የሻሸመኔ አካባቢ ምሳሌዎች

የአንድን አገር የኤኮኖሚ ሁኔታ ለመግለጽ በዓለም ሁሉ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚባለው ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል አገሪቱ አደገች፣ ዝቅ ሲል ወደ ኋላ ተመለሰች ይባላል። የበጀት ድልድል፣ የብድር ድርድርና የልማት ፕላን ይህንኑ ቁጥር መነሻ ያደርጋሉ። በትምህርት ቤትም መምህሩ ስለ ዕድገት ሲያስተምር፣ ተማሪውም ስለ ድህነት ሲጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ቁጥር ይሰጣል።

ይህን ያህል ኃላፊነት የተሸከመ ቁጥር ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ለይቶ ማወቅ ለመምህሩም ሆነ ለፕላን ባለሙያው አስፈላጊ ነው። ያልተቆጠረ ነገር በፕላን አይያዝም፤ በፕላን ያልተያዘም በጀት አያገኝም። ስለዚህ የመለኪያ ጉዳይ የስታትስቲክስ ባለሙያዎች የውስጥ ክርክር ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም።

ሻሸመኔና አካባቢዋ ለዚህ ጥናት ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የመንገዶች መገናኛ ናት። በሰሜን በአርሲ ነገሌና በባቱ (ዝዋይ) በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ በደቡብ ወደ ሐዋሳና ወደ ሞያሌ፣ በምሥራቅ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ሮቤ፣ በምዕራብ በሐላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያደርሱት መንገዶች የሚገናኙት በዚህች ከተማ ነው። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 52,080 የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 100,454 ሆኖ ተገኝቷል። በከተማዋ ገበያ የሚሸጠውና የሚገዛው ብዙ ነው፤ ወደ ገበያ ሳይወጣ ሕዝቡን የሚመግበውና የሚያኖረው ሥራም እንዲሁ ብዙ ነው። የምርት ስሌቱ ጥንካሬና ጉድለት ጎልቶ የሚታየውም ሁለቱ ጎን ለጎን በሚገኙበት እንዲህ ባለ ስፍራ ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሪቱ ክልል የተመረቱ የመጨረሻ ዕቃዎችና አገልግሎቶች በገንዘብ ሲተመኑ የሚያወጡት ድምር ነው። «የመጨረሻ» የሚለው ቃል የገባበት ምክንያት አንዱ ምርት ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ነው።

ለምሳሌ ያህል በሻሸመኔ ዙሪያ አንድ ገበሬ አንድ ኩንታል ድንች በ1,500 ብር ለነጋዴ ሸጠ እንበል። ነጋዴው ድንቹን ወደ ከተማ አምጥቶ በ1,900 ብር ለምግብ ቤት ያስረክባል። ምግብ ቤቱም ቀቅሎና ጠብሶ ለተመጋቢዎች በጠቅላላው በ3,100 ብር ይሸጠዋል። ሦስቱ ሽያጮች እንዳሉ ቢደመሩ 6,500 ብር ይሆናሉ፤ ነገር ግን ይኸው አንድ ድንች በየእርከኑ ተደጋግሞ ስለሚቆጠር ድምሩ ስሕተት ነው። ትክክለኛው አሠራር እያንዳንዱ ሰው የጨመረውን እሴት ብቻ መውሰድ ነው። የዘር፣ የማገዶና የመሳሰሉት ወጪዎች ለቀላልነት ቢተዉ፣ ገበሬው 1,500፣ ነጋዴው 400፣ ምግብ ቤቱ 1,200 ብር ጨምረዋል። ድምሩ 3,100 ብር ነው፤ ይህም ከመጨረሻው ሽያጭ ጋር እኩል ነው። በመላው አገር የሚሠራው ስሌት በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም አለው። ድንችንና ሲሚንቶን፣ የሾፌርን ጉልበትና የሐኪምን አገልግሎት በአንድ የጋራ መስፈሪያ ማለትም በገንዘብ ደምሮ ያሳያል። ከዓመት ዓመት፣ ከአገር አገርም ለማነጻጸር ያስችላል። ግብር ምን ያህል ሊሰበሰብ እንደሚችልና ዕዳ እስከ ምን ድረስ መሸከም እንደሚቻል ለመገመት ያገለግላል። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚሠራውም ምርት ከሚያስገኘው ገቢ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ንቆ መተው ለማንም አይበጅም።

የስሌቱ አመጣጥ

ዘመናዊው የብሔራዊ ገቢ ስሌት የዳበረው በታላቁ የዓለም የኤኮኖሚ ድቀት ጊዜ ነው። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ተዘግተው ሥራ አጡ ሲበዛ፣ መንግሥት የጉዳቱን መጠን የሚያሳይ የተሟላ አኃዝ አልነበረውም። ሳይመን ኩዝኔትስ የተባለው የኤኮኖሚ ሊቅ ይህንኑ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአገሪቱ ምክር ቤት ሪፖርት አቀረበ። በዚያው ሪፖርት ውስጥ የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢው መጠን ብቻ መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያውን የጻፈው የስሌቱ ተቃዋሚ ሳይሆን ስሌቱን ያደራጀው ሰው ራሱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ቀጥሎም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአገሪቱ ሀብት ምን ያህሉ ለጦርነቱ ሊውል እንደሚችል ለማወቅ በብሪታንያ ሪቻርድ ስቶንና ጄምስ ሚድ ተመሳሳይ ሒሳብ አዘጋጁ። ከጦርነቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በስቶን መሪነት የተዘጋጀውን የብሔራዊ ሒሳብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1953 አወጣ፤ አገሮችም ተቀበሉት። ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ፕላን በ1950 ዓ.ም. ስትጀምር ወደዚሁ የአሠራር መንገድ ገብታለች።

ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው ስሌቱ የተነሣው የፋብሪካና የገበያ እንቅስቃሴን ለማወቅ፣ ኋላም የጦርነት ወጪን ለመመደብ ነው። ሕዝቡ እንዴት ይኖራል የሚለው ጥያቄ የቀረበለት በኋላ ነው። ለአንድ ጥያቄ የተሠራ መሣሪያ ለሌላ ጥያቄ ሲቀርብ ምን እንደሚጎድለው መመርመር ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ከስሌቱ ውጭ የሚቀረው ሥራ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ውሃ በአህያ ጋሪ ጭኖ በጀሪካን የሚሸጥ ሰው የተለመደ ነው። ይህ ሰው የሚያገኘው ገንዘብ በምርት ስሌት ውስጥ ይገባል። ከዚያው ቦኖ ውሃ ቀድታ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ቤት የምትወስድ ተማሪ ግን የሠራችው ሥራ ያው ሆኖ ሳለ የሚከፍላት ስለሌለ፣ ድካሟ አብዛኛውን ጊዜ በየትኛውም ሒሳብ አይመዘገብም።

እዚህ ላይ የደንቡን ዝርዝር ማወቅ ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርታቸውን ዕቃዎች፣ ውሃ መቅዳትንና ማገዶ መልቀምን ጭምር፣ እንደ ምርት እንዲቆጠሩ ይፈቅዳል። ነገር ግን ግምቱን ለማውጣት የሚያስፈልገው መረጃ ስለሚጎድል በብዙ አገሮች ይታለፋሉ። ምግብ ማብሰል፣ ልጅ ማሳደግ፣ ሕመምተኛ ማስታመም፣ ቤት ማጽዳትና ልብስ ማጠብ ደግሞ ለራስ ቤተሰብ ከሆኑ በደንቡም ከምርት ክልል ውጭ ናቸው። ስለዚህ በምግብ ቤት የምትጋገር እንጀራ ትቆጠራለች፤ በእናት ቤት የምትጋገረው አትቆጠርም።

በሲዳማ፣ በወላይታና በሐዲያ፣ እንዲሁም በኮኮሳ ደጋ የሚለማው እንሰት ይህን ነገር ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። እንሰትን መፋቅ፣ ጨምቆ ቡላውን መለየት፣ ቆጮውን በጉድጓድ ቀብሮ ማብላላት ለሳምንታት የሚዘልቅ ከባድ ሥራ ሲሆን፣ የሚሠሩትም በአብዛኛው ሴቶች በጋራ ተሰባስበው ነው። ከምርቱ ትልቁ ክፍል የሚበላው በቤት ውስጥ ነው። ዝናብ ሲጠፋና እህል ሲያንስ ቤተሰብን ከረሃብ የሚያድነው ይህ ተክል ቢሆንም፣ በገበያ ዋጋ በሚመራ ሒሳብ ውስጥ የሚታየው ከእውነተኛ ድርሻው በታች ነው።

የኒውዚላንዷ ማሪሊን ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ የሴቶች ያልተከፈለ ሥራ ከብሔራዊ ሒሳብ መቅረቱ በመንግሥት ውሳኔ ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት በሰፊው አሳይታለች። በአገራችንም የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ሰዎች ቀናቸውን በምን ሥራ እንደሚያሳልፉ የሚመረምር የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል። ጥናቱ ያልተከፈለው የቤት ውስጥ ሥራ ሸክም በሴቶች ላይ የከበደ መሆኑን በቁጥር አሳይቷል። እንዲህ ያለው ጥናት መደረጉ ብቻውን አንድ እርምጃ ነው፤ ቢያንስ ሥራው ሥራ ተብሎ ተመዝግቧል።

ሲያልቅ የማይቀነሰው ሀብት

ሁለተኛው ጉድለት ስሌቱ ፍሰትን እንጂ ክምችትን አለማየቱ ነው። ይህም ማለት በዓመቱ ምን እንደተገኘ ይነግራል፤ ለማግኘት ሲባል ምን እንደጠፋ ግን አይነግርም። ዓመት ሙሉ ከጎተራው እያወጣ የሚሸጥ ገበሬ ገቢው ጥሩ ሊመስል ይችላል። ጎተራው ባዶ መሆኑን የሚያውቀው ግን ውስጡን የተመለከተ ብቻ ነው።

ከሻሸመኔ በስተሰሜን የሚገኘው የአብያታ ሐይቅ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሐይቁ ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ውሃው መውጫ የሌለው ሲሆን፣ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል በሚደርሰው ውሃ ላይ በእጅጉ ይተማመናል። ከዝዋይ ሐይቅና ወደ እርሱ ከሚገቡት ከመቂና ከከታር ወንዞች ለመስኖ የሚሳበው ውሃ እየበዛ ሲሄድ ወደ አብያታ የሚደርሰው ቀነሰ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ ይስብ ነበር። ሐይቁ በእጅጉ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣውም ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡትና ምግባቸውን ከአብያታ ያገኙ የነበሩት ይብራዎች ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ለመሄድ ተገደዱ።

በምርት ስሌት ዓይን ሲታይ ግን በመስኖ የለማው አትክልትና አበባ ገቢ ነው፤ የተሸጠውም ሶዳ አሽ ገቢ ነው። የፋብሪካው ማሽን በሥራ ሲያረጅ የእርጅናው ዋጋ ከተጣራው ምርት ላይ ይቀነሳል። ሐይቁ ሲጎድል የሚቀነስ ነገር አልነበረም። በሰው እጅ የተሠራው መሣሪያ የሚያረጅ ሀብት ተብሎ ሲመዘገብ፣ በተፈጥሮ የተገኘው እንደማያልቅ ተቆጠረ።

አርሲ ነገሌ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ምሳሌ ትሰጣለች። ከተማዋ ከእህል፣ ከጌሾና ከብቅል በሚወጣው አረቄዋ የታወቀች ናት። አረቄውን በየቤታቸው የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በዚህ ገቢ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። አረቄ ማውጣት ብዙ ማገዶ ይፈጃል፤ ማገዶውም ከአካባቢው ደን፣ ከሙነሳም በኩል ጭምር ይመጣል። ሽያጩ ለቤተሰቡ እውነተኛ ገቢ ነው፤ በየጓዳው ስለሚሠራ ግን በሒሳብ ለመያዝ ያስቸግራል። የደኑ መሳሳት አይቀነስም፤ መጠጡ በጠጪው ጤናና በቤተሰቡ ኑሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም እንዲሁ አይቀነስም። እንዲያውም በመጠጥ የታመመው ሰው ለሕክምና የሚከፍለው ገንዘብ በምርቱ ላይ ይደመራል። በአንዲት ከተማ በአንድ ሥራ ውስጥ የልጆች ትምህርት፣ የደን መመናመንና የጤና ጉዳት ተሳስረው ይገኛሉ። አንድ ብቻውን የቆመ ቁጥር ይህን ሁሉ ሊናገር አይችልም። አረቄውን በደፈናው የሚከለክል ወይም በደፈናው የሚያበረታታ ውሳኔም የሚሳሳተው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ሲያይ ነው።

አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው

የአገሪቱ ምርት ለሕዝቡ ብዛት ሲካፈል ነፍስ ወከፍ ምርት ይባላል። በመጀመሪያ ደረጃ አካፋዩ ራሱ በትክክል መታወቅ አለበት። በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመተላለፉ፣ ስሌቱ ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነሥቶ በተሠራ ግምት ላይ ሲመሠረት ቆይቷል። ሁለተኛም አማካይ ቁጥር ክፍፍልን አያሳይም። መምህራን ይህን ከማንም የበለጠ ያውቁታል፤ የአንድ ተማሪ አማካይ ውጤት 60 መሆኑ በሒሳብ መውደቁን ወይም አለመውደቁን አይገልጽም።

የዚህ ዓይነቱ መሸፈን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በ1965 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሃብ ያስረዳል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዚያ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ከወትሮው እጅግ የራቀ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም። የወሎ ገበሬና አርብቶ አደር ግን ምርቱንና ከብቱን ሲያጣ የመግዣ አቅሙንም አብሮ አጣ። የአገሪቱን ድምር ብቻ ለተመለከተ ሰው አስጊ ነገር አልታየም፤ ሕዝብ ግን አለቀ።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ1996 እስከ 2006 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ኤኮኖሚ በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ በየዓመቱ ማደጉ ተመዝግቧል። በመንግሥት የድህነት ወለል ሲለካ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው የድሆች ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። በሌላ በኩል ትምህርትን፣ ጤናንና የኑሮ ሁኔታን በአንድነት በሚያይ መለኪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰበሰበ መረጃ መሠረት ድህነት ያለባቸው 68.7 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አይቃረኑም። የመጀመሪያው የፍጆታን አቅም ይለካል፤ ሁለተኛው ንጹሕ ውሃ፣ መብራት፣ መጸዳጃና ትምህርት መኖር አለመኖሩን ይለካል። እህል መግዛት የቻለ ቤተሰብ ቦኖ ሩቅ ሊሆንበት ይችላል።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላከው ገንዘብም እንዲሁ መታየት አለበት። ከሻሸመኔና ከአካባቢዋ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። የሚልኩት ገንዘብ የተገኘው በሌላ አገር ምርት ስለሆነ በአገር ውስጥ ምርት አይቆጠርም። የሚታየው ቤት ሲሠራበት ወይም ዕቃ ሲገዛበት ነው። የልጅቷ ድካምና የቤተሰቡ መለያየት ግን በላኪውም ሆነ በተቀባዩ አገር ሒሳብ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

የተሞከሩ ሌሎች መለኪያዎች

እነዚህን ጉድለቶች ለመሙላት በዓለም ልዩ ልዩ ሙከራዎች ተደርገዋል። ቡታን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሕዝብ ደስታን የመንግሥት ግብ አድርጋ ይዛለች። በማህቡብ ኡል ሐቅ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆሴፍ ስቲግሊትዝ፣ አማርትያ ሴንና ዣን ፖል ፊቱሲ የመሩት ኮሚሽን ትኩረት ምርትን ከመለካት ወደ ሕዝብ ኑሮና ወደ ሀብት ዘላቂነት እንዲዞር መከረ። የተባበሩት መንግሥታትም የአካባቢና የኤኮኖሚ ሒሳብን የሚያስተሳስር ደንብ እ.ኤ.አ. በ2012 ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ሒሳብ ደንብም የተፈጥሮ ሀብት መሟጠጥ እንደ ምርት ወጪ እንዲመዘገብ አድርጓል። አብያታን የመሰለ ሐይቅ ሲጎድል ሒሳቡ ዝም የሚልበት ጊዜ ማብቃት ይኖርበታል ማለት ነው።

ለትምህርት ሰዎች ይበልጥ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሠራበት የብዙ ገጽታ ድህነት መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ሁኔታ ሥር 10 ነጥቦችን ይመረምራል። ከነጥቦቹ በአንዱ፣ ንጹሕ ውሃ ቀድቶ ለመመለስ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅበት ቤተሰብ እንደጎደለበት ይቆጠራል። የውሃ ቀጂዋ ተማሪ ድካም በመጨረሻ ስፍራ አገኘ።

ሆኖም ልዩ ልዩ ነገሮችን ወደ አንድ ቁጥር የሚያዋህድ መለኪያ ሁሉ ለአንዱ ምን ያህል፣ ለሌላው ምን ያህል ክብደት ይሰጠው የሚል ጥያቄ አለበት። ማንኛውም መለኪያ የሽልማትና የወቀሳ መሠረት ሲሆንም ይጣመማል። የተመዘጋቢ ብዛት ብቻ በሚጠየቅበት ትምህርት ቤት መዝገቡ ይሞላል፤ ከመዝገቡ ውስጥ ስንቱ እንደሚማር ግን አይታወቅም።

የመምህሩና የፕላን ባለሙያው ድርሻ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ አሠራር ያመራል። በአንድ ቁጥር ፋንታ ቢያንስ ሦስት መዝገቦች ጎን ለጎን መያዝ አለባቸው። የመጀመሪያው በዓመቱ የተመረተው፣ ሁለተኛው ለልጆች የሚተላለፈው ሀብት ማለትም ደኑ፣ ሐይቁ፣ አፈሩ፣ መንገዱና ትምህርት ቤቱ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሕዝቡ ኑሮ ማለትም ጤናው፣ ትምህርቱና ጊዜው ነው። አንዱ ሲያድግ ሌላው ቢጎድል የፕላን ባለሙያው በግልጽ ሊያየው ይገባል።

ይህ በተግባር የሚያመጣውን ልዩነት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። በአንድ ቀበሌ 200 ተማሪዎች በየቀኑ ውሃ ይቀዳሉ እንበል። አዲስ ቦኖ ቢሠራና እያንዳንዳቸው በቀን አንድ ሰዓት ቢተርፋቸው፣ በዓመት 73,000 ሰዓት ይገኛል። በምርት ሒሳብ የሚመዘገበው በመሠረቱ የግንባታው ወጪና የሚሸጠው ውሃ ብቻ ነው። በሦስተኛው መዝገብ ግን ለጥናትና ለዕረፍት የተመለሰው ጊዜ ይታያል። ቦኖውንና ሌላ ሥራን አወዳድሮ በጀት የሚመድብ ሰው ሁለተኛውን ስሌት ካላየ ውሳኔው ጎዶሎ ነው።

መምህሩም በክፍሉ ውስጥ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ተማሪዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ውጭ ያሳለፉትን ሰዓት በሥራ ዓይነት ለይተው ቢመዘግቡ፣ የክፍሉ ድምር ለሒሳብም ለኅብረተሰብ ትምህርትም መልመጃ ይሆናል። ከትምህርት ቤቱ እስከ ውሃውና እስከ ማገዶው ያለው ርቀት በካርታ ሊሣል ይችላል። በገበያ ቀን የሚቀሩ ተማሪዎች ብዛት ከሌላው ቀን ጋር ሊነጻጸር፣ የደኑና የሐይቁ ወሰን ከ30 ዓመት በፊት የት እንደነበር ከአካባቢው ሽማግሌዎች ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሲደረግ የማንም ተማሪ ስምና የቤት ገመና ለሌሎች እንዳይገለጥ መጠንቀቅ፣ ውጤቱንም በድምር ብቻ ማቅረብ ያስፈልጋል። በጥንቃቄ የተያዘ የክፍል መዝገብ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቢደርስ፣ ብሔራዊው ጥናት በየስንት ዓመቱ አንድ ጊዜ የሚያገኘውን ነገር በየዓመቱ ሊያመለክት ይችላል።

የምርት ስሌት ለተሠራበት ጥያቄ ጥሩ መልስ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ሊቀጥልም ይገባል። የሚፈለገው ሌሎቹ ጥያቄዎችም የራሳቸው መዝገብ እንዲኖራቸው ነው። የአገር ዕድገት ሲነገር የሚሰማ ተማሪ «ምን ተቆጠረ? ምን ቀረ? ለማን ደረሰ? ለነገስ ምን ተረፈ?» ብሎ መጠየቅ ከቻለ፣ የኤኮኖሚ ትምህርት ዋና ግቡን አግኝቷል ማለት ይቻላል።